ፓትሞስ (ፍጥሞ) ደሴት ላይ 10 ቀን ያለ ጥድፊያ፦ መርከቡ፣ ማረፊያው፣ ዋሻውና የጾሙ ምግብ

የሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ እናቴን ይዤ ፓትሞስ፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ፍጥሞ የምትባለው ደሴት፣ ወደ 10 ቀን ለመቆየት አስበናል። እኔ ስዊድን ነው የምኖረው፣ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። እናቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘችው፤ ከስዊድን ኤምባሲ ባገኘችው የሼንገን ቪዛ መጥታ ሁለት ወር እኔ ጋ ትቆያለች። ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን አይሆንላትም። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች።

በየቀኑ ደሴት መቀያየር አንፈልግም። ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻና በስሙ የተሠራውን ገዳም መሳለም፣ ከዚያ ባሕር ዳር ተቀምጦ አየር መቀበል ነው የታሰበው። ጥያቄዎቼ፦ ከአቴንስ ረጅሙን መርከብ ይሻላል ወይስ ቅርብ ወዳለ ደሴት በርሮ መሻገር? የትኛው ሰፈር እንረፍ? ዋሻው ደረጃ አለው ይባላል፣ ትችለው ይሆን? የጾም ምግብስ? በጥድፊያ አየነው የሚል ሳይሆን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ወደብተኛው

ፓትሞስ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ የመጨረሻው ጉዞ የግድ በባሕር ነው። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ የሚነሣው ትልቁ መርከብ ነው። እንደሚቆምባቸው ደሴቶች ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ተነሥቶ ፓትሞስ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት ወዲህና ወዲያ ነው። በየቀኑም አይሄድም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቲኬቱ ላይ ቅዳሜ 01:30 ይደርሳል ካለ፣ የዓርብ ሌሊት ማለት ነው። ማረፊያ ስትይዙ ከዓርብ ጀምሮ ካልያዛችሁ በሌሊት ሻንጣ ይዛችሁ ወደብ ላይ ትቀራላችሁ። መመለሻውም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ጠዋት ፒሬዎስ ያስገባል። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ክፍሉን ማታ ድረስ መጠቀም ይቻል እንደሆነ አከራዩን አስቀድመህ ጠይቅ።

ለእናትህ ካቢን ያዝላት። ሰው "እኩለ ሌሊት ላይ ለምንወርድ አልጋ ምን ያደርጋል" ይልና የመርከቡ ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ይቀመጣል፤ ለታመመ ጉልበት ከዚህ የባሰ የለም። ስትሳፈሩ መግቢያው መኪናዎች የሚገቡበት የታችኛው ወለል ነው። ሻንጣችሁን እዚያው የደሴቱ ስም በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ለሠራተኛው ሊፍት እንደምትፈልጉ ንገሩት። ቀጥታ ደረጃውን አትጀምሩ፣ ብዙ ነው። መርከቡ ፓትሞስ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያው እንደተሰማ ወደ ታች ውረዱ። ተኝተው ቀጥሎ ባለችው ደሴት በሌሮስ ላይ የሚነቁ አሉ።

ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ፒሬዎስ ሜትሮ መስመር 3 ቀጥታ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት ያህል፣ 9 ዩሮ። ኤክስ 96 አውቶቡስ 5.50 ዩሮ ነው፣ በትራፊክ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ይችላል። ልብ በል፦ ፓትሞስ ያለችበት የዶዴካኔዝ ደሴቶች መርከብ የሚነሣው ከበር ኢ1 ነው፣ ከሜትሮው በጣም ይርቃል። በወደቡ ግቢ ውስጥ ነጻ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ ከእናትህ ጋር ግን ከሜትሮው አጭር ታክሲ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ሳሞስ ወይም ወደ ኮስ በርሮ በፈጣን ካታማራን (ባለ ሁለት ቀፎ ቀላል መርከብ) መሻገር ነው። የሳሞስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፒታጎሪዮ ወደብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። የኮስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከኮስ ከተማ ወደብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ካታማራኑ በካሊምኖስ፣ በሌሮስና በሊፕሲ እየቆመ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ሦስተኛው በትንሽ አውሮፕላን ከአቴንስ ወደ ሌሮስ ነው። ባሕሩ አጭር ይሆናል፤ አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ግን ቦታ ቶሎ ያልቃል።

ለእናንተ የቱ? እኔ ስትሄዱም ስትመለሱም ትልቁን መርከብ እላለሁ። ካታማራን ቀላል ስለሆነ ማዕበሉ ያንገላታዋል፣ ነፋስ ሲበረታም መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። የወደብ ባለሥልጣን መርከቦችን የሚያግደው በቦፎር (የነፋስ ኃይል) መለኪያ ነው፦ ፈጣኖቹ ትልቁ መርከብ ገና በሚጓዝበት ነፋስ ይቆማሉ፣ ትልቁ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሲደርስ ነው የሚታገደው። የበጋው ሰሜናዊ ነፋስ፣ ሜልቴሚ የሚሉት፣ የሚበረታው በጁላይና በኦገስት ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ይረግባል፣ አልፎ አልፎ ግን የመጀመሪያው የበልግ ማዕበል ይመጣል። ስለዚህ ከደሴቱ በወጣችሁበት ቀን ወደ ስዊድን የሚበር ቲኬት አትግዛ። አቴንስ ላይ አንድ አዳር ጨምር። መርከብ ቢሰረዝ የመርከቡ ድርጅት ገንዘብህን ይመልሳል ወይም ቀን ይቀይርልሃል፤ ያመለጠህን በረራ ግን ማንም አይከፍልህም።

ሰነድ አይታ

ስለ ቪዛው ባትጠይቅም አጭር ነገር ልጨምር። እናትህ ዋናው ቆይታዋ ስዊድን እስከሆነ ድረስ የስዊድኑ ቪዛ ለግሪክም ይሠራል፣ ሌላ አያስፈልጋትም። ቪዛው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ግሪክ ያለፈውንም ጊዜ እንደሚቆጥር አትርሳ። የጉዞ መድን ወረቀቷንም ይዛ ትምጣ፤ ለቪዛው የግድ የተባለው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ነውና በሼንገን አገሮች ሁሉ ይሠራል፣ ግሪክም ጭምር። በሼንገን ውስጥ ፓስፖርት አይጠየቅም የሚባለውን አትመን፤ ለአውሮፕላንም፣ ለመርከብም፣ ለሆቴልም ይጠየቃል። የመርከብ ቲኬት ላይ ስሟ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ስም ከነአባትና አያት ሲሆን የቱ "የቤተሰብ ስም" እንደሆነ መደናገር የተለመደ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ ከሳሞስ ወደ ቱርክ ኩሻዳሲ የቀን ጉዞ የሚሸጡ አሉ። ቪዛዋ አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ በዚያች ጀልባ ከወጣች ተመልሳ መግባት አትችልም። እንዳትሞክሩት።

ስካላን የመረጠ

ፓትሞስ ትንሽ ናት፣ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ለማረፊያ የሚመረጡት ሰፈሮች አራት ናቸው፦ ወደቡ ስካላ፣ በኮረብታው አናት በገዳሙ ዙሪያ ያለው ሆራ፣ በደቡብ ምሥራቅ ግሪኮስ፣ በሰሜን ካምቦስ።

ሆራ ፎቶ ላይ ያየኸው ነጭ ከተማ ነው፤ ያምራል፣ ማንም አይክድም። ውስጡ ግን መኪና አይገባም፣ መንገዱ ጠባብ፣ ድንጋይ የተነጠፈበትና ደረጃ በደረጃ ነው። ዳቦ ለመግዛት እንኳ መውረድና መውጣት አለ። ለእናትህ አይሆንም፤ ለጉብኝት ይበቃል።

ስካላ ሜዳ ነው። ፋርማሲው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሱፐርማርኬቱ፣ የባንክ ማሽኑ፣ ታክሲውና አውቶቡሱ እዚያው ናቸው። ማታ ማታ የባሕሩ ዳር መራመጃዋ ይሆናል። ጉድለቱ የመርከብ ድምፅ ነው፤ ክፍሉ ከመርከብ ማረፊያው ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ገባ ያለ ይሁን። ግሪኮስ ግን ጸጥታ ለሚፈልግ ከሁሉ ይበልጣል። ባሕረ ሰላጤው ከሰሜን ነፋስ የተከለለ ነው፣ ውሃው ጥልቅ ሳይሆን ርቆ ይሄዳል፣ ከባሕሩ ዳር ታቬርናዎች (ምግብ ቤቶች) አሉ። ነገር ግን ከስካላ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ለእያንዳንዱ ነገር ታክሲ ወይም አውቶቡስ ትጠብቃላችሁ። አውቶቡሱ ደግሞ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የሰዓት ሰሌዳው ስካላ ወደብ ላይ ይለጠፋል፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላም ይቀንሳል።

10 ቀን ካላችሁ ለሁለት መክፈል ይቻላል፦ ስድስት ሌሊት ስካላ፣ አራት ግሪኮስ። ከዚህ በላይ መቀያየር ግን ዕረፍቱን የሻንጣ ሥራ ያደርገዋል።

ክፍል ከመያዝህ በፊት ለአከራዩ እነዚህን በጽሑፍ ላክለት፦ ከመኪና መቆሚያው እስከ አልጋው ስንት ደረጃ አለ? ("ምድር ቤት" ብለው ውጪው ላይ አሥራ አምስት ደረጃ የሚኖርበት ቤት ሞልቷል።) መታጠቢያው ከፍ ያለ ገንዳ ነው ወይስ ሜዳ? ምድጃ አለው? ሌሊት ወደብ ላይ ትቀበሉናላችሁ? የመጨረሻውን አብዛኞቹ በነጻ ያደርጉታል፣ ካልጠየቅህ ግን አይመጡም፤ ሌሊት መርከብ ሲገባ ደግሞ ያሉት ታክሲዎች ጥቂት ናቸው።

ከክፍሉ ዋጋ ሌላ መንግሥት የሚያስከፍለው የአየር ንብረት ክፍያ አለ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአንድ ክፍል በሌሊት ባለ 1 እና 2 ኮከብ 2 ዩሮ፣ ባለ 3 ኮከብ 5፣ ባለ 4 ኮከብ 10፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ ነው። ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ከከፈልኸው ውስጥ አይካተትም፣ ስትደርስ ይጠየቃል። ማጭበርበር እንዳይመስልህ።

የሽንት ቤት ወረቀት ወደ ቅርጫቱ እንጂ ወደ መቀመጫው አይጣልም፤ ቱቦዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ይደፈናል። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ግዙ። ከ15:00 እስከ 17:30 የጸጥታ ሰዓት ነው፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። ገበያችሁን በጠዋት ጨርሱ።

የሐይቅ ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። ስካላን መጀመሪያ፣ ግሪኮስን ቀጥሎ እንይዛለን። አንድ ነገር፦ ሴፕቴምበር 26 የዮሐንስ በዓል ነው የሚል አየሁ። ለእኛ የደመራ ቀን ነው። ያን ቀን ገዳሙ ለእንግዳ ክፍት ነው ወይስ ግርግሩ አያስገባም?

ዘቆላ

ትክክል ነው፣ ግሪኮቹ የዮሐንስ ወንጌላዊን ከዚህ ዓለም መለየት የሚያከብሩት ሴፕቴምበር 26 ነው፣ እኛ ጥር 4 ስዋሬ የምንለውን። ሌላኛው በዓሉ ሜይ 8 ነው። በዋዜማውና በዕለቱ ገዳሙ በምእመናን ይሞላል። ቅዳሴው ላይ መቆም ትችላላችሁ፤ እንደ ሙዚየም መጎብኘት ግን ያን ቀን አይታሰብም። ስለዚህ ሁለቱን ለዩ፦ በበዓሉ ለጸሎት፣ በሌላ ቀን ለማየት።

ዋሻው ከስካላ ወደ ሆራ በሚወጣው መንገድ መሃል ላይ ነው። ታክሲም አውቶቡስም በሩ ድረስ ያደርሳል። ችግሩ ከበሩ በኋላ ነው፦ ዋሻው ከመግቢያው በታች ስለሆነ በርከት ያለ ደረጃ ትወርዳለች፣ የወረደችውን ደግሞ ትወጣለች። ለታመመ ጉልበት መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። አንድ ሰው ከፊቷ እየወረደ፣ እሷ በግድግዳው በኩል ተደግፋ፣ ጫፉ ላስቲክ የሆነ ምርኩዝ ይዛ፣ በየመሃሉ እያረፈች ብትሄድ ይቻላል። ቀኑን መምረጥ ከሰዓቱ ይበልጣል፦ የሽርሽር መርከቦች ስካላ ሲቆሙ ጠዋት በአውቶቡስ የሚመጣው ሰው ደረጃውን ሞልቶት ስለሚጋፋ ቀስ ብሎ ለሚወርድ ሰው ቦታ የለም። መርከብ የማይመጣበትን ቀን ከአከራያችሁ ጠይቁ፣ ወይም በሩ ሲከፈት ቀድማችሁ ድረሱ። ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው በአንዳንድ ቀናት ብቻ ስለሆነ በር ላይ የተለጠፈውን አይታችሁ ሂዱ።

ውስጡ ትንሽ ነው። ጣሪያው ላይ ዓለቱ በሦስት የተሰነጠቀበትን ያሳያሉ፤ ድምፁ የመጣው ከዚያ ነው፣ ስንጥቁም የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ከወለሉ አጠገብ በብር የተከበበው ጎድጓዳ ወንጌላዊው ራሱን ያሳረፈበት፣ ከፍ ያለው ደግሞ እጁን ይዞ የተነሣበት ነው። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ እየሰማ የጻፈበት የተባለ ስፍራም አለ። ፎቶ አይፈቀድም። ጠርዝ ላይ መቀመጫ ስላለ እናታችሁ አርፋ መጸለይ ትችላለች።

ገዳሙን በ1088 ዓ.ም. (በአውሮፓ) የመሠረተው ክሪስቶዱሎስ ነው፤ ንጉሡ አሌክሲዮስ ቀዳማዊ ኮምኔኖስ ደሴቱን በሙሉ ሰጥቶት ነበር። የስጦታው ደብዳቤ ራሱ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ይታያል። ከዚያው ጋር በ6ኛው መቶ ዘመን ሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎች አሉ፤ 33 ቅጠል እዚህ፣ የሚበዛው ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ብራና የሚወድ ሰው ለዕቃ ቤቱ የሚከፈለውን ትንሽ ገንዘብ አይቆጭበትም። ገዳሙ፣ ዋሻውና ሆራ በ1999 (በአውሮፓ) በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ከታክሲ መውረጃው እስከ ገዳሙ በር የድንጋይ አቀበት አለ፣ ውስጡም ደረጃ ነው። ዋሻውንና ገዳሙን በአንድ ቀን አታድርጉት።

ልብስ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ለሴት ቀሚስ ይመረጣል። ነጠላ መልበሷ ክብር እንጂ ነውር አይሆንም። ጫማ አይወለቅም። ሻማ አንሥታችሁ ሳንቲሙን ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ፣ ሥዕሉን መሳለም ይቻላል። ቁርባን ግን አይደለም፤ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኖቻችን በቁርባን አንድ አይደሉም፣ እነሱም አያቆርቧትም። የቆራቢዎቹ ተራ ውስጥ ሳትገቡ ቆማችሁ አስቀድሱ።

ሽሮ በሻንጣ

ስለ ጾሙ። ግሪኮችም ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ አስተናጋጁ ቃሉን ያውቀዋል፦ "ኒስቲሲሞ" በሉት። ወጥመዱ አንድ ነው። እነሱ ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ደም የለውም ብለው በጾም ይበላሉ። ኒስቲሲሞ ስትሉ ይህንኑ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ስለዚህ "ሆሪስ ታላሲና" (የባሕር ነገር ሳይኖር)፣ "ሆሪስ ቲሪ" (ያለ አይብ) ጨምሩበት። አይቡ ሳይጠየቅ ሰላጣ ላይ ይበተናልና።

የሚያጠግበው፦ ፋቫ (ከተከካ አተር የሚሠራ፣ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት የሚፈስበት፤ ከክክ ወጥ የጎደለው በርበሬው ብቻ ነው)፣ ጊጋንቴስ (ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም)፣ ሬቪትያ (ሽምብራ)፣ ብሪያም (ድንች፣ ዙኪኒና ደበርጃን በምድጃ)፣ ሆርታ (የተቀቀለ ቅጠል በሎሚ)። ጌሚስታ፣ ማለትም በሩዝ የተሞላ ቲማቲም፣ አንዳንዱ ቤት ሥጋ ይጨምርበታል፤ "ኦርፋና" ካሉት ሥጋ የለውም። የወይን ቅጠል ጥቅሉም እንዲሁ፣ ጠይቁ። እነዚህ ሁሉ በጠዋት ተሠርተው የሚቀመጡ ስለሆኑ ምሳ ላይ ብሉ፣ ማታ ያልቃሉ። በአዘቦቱ ቀን ዓሣ ስታዙ ዋጋው በኪሎ ነው፤ ፊታችሁ ይመዘን።

ቡናቸው ከእነ አተላው ነው የሚቀርበው፣ እስኪወርድ ጠብቁ። ያለ ስኳር "ስኬቶ"፣ መካከለኛ "ሜትሪዮ"። ምድጃ ያለው ክፍል ከያዛችሁ ሽሮና በርበሬ ከስዊድን ይዛችሁ መጓዝ ችግር የለውም። እናታችሁ ግን ከአዲስ አበባ ስትነሣ ቅቤና ቋንጣ እንዳትይዝ፤ ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት የተከለከለ ነው፣ ሲያገኙት ይጥሉታል።

ወደብተኛው

ስለ ባሕሩ ተረስቶ ነበር። ፕሮግራም በቀን አትያዙ፣ ነፋሱን በጠዋት አይታችሁ ወስኑ። ከሰሜን ከነፈሰ ግሪኮስ፣ ሜሎይና አግሪዮሊቫዲ ይሻላሉ። ከደቡብ ከነፈሰ ግን ላምቢ ይረጋጋል። ላምቢ በቀለማት ባሸበረቁ ጠጠሮቹ የታወቀ ነው፤ ጠጠሩን መውሰድ ክልክል ነው፣ ለመራመድም ያዳልጣል። ካምቦስ የዛፍ ጥላና ታቬርና አለው፣ መኪናው ባሕሩ ድረስ ይገባል። ፕሲሊ አሞስ አሸዋው ከሁሉ ያምራል ይባላል፣ ግን በእግር ከዲያኮፍቲ ግማሽ ሰዓት ገደማ የድንጋይ መንገድ ነው። ጀልባም ከስካላ ጠዋት ይሄዳል፣ ነፋስ ካለ ግን ይቀራል። ለእናትህ እሱን ዝለሉት። በድንጋያማው ዳር የባሕር ጃርት አለ፣ የላስቲክ ጫማ ይዛችሁ ግቡ።

ስኩተር የሚያከራዩ ብዙ ናቸው። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ሳይኖር በመኪና ፈቃድ መከራየት አደጋ ሲደርስ መድኑን ያስቀራል። ለሁለት ሰው፣ አንዷ ጉልበቷን ለሚያማት፣ ለሁለት ቀን ትንሽ መኪና ተከራዩ፤ ሌላውን ቀን ታክሲ ይበቃል።

መድኃኒቷን ለ10 ቀን ሳይሆን ለ15 ቀን ያዙ፣ መርከብ ሊሰረዝ ይችላልና፤ ከካቢን ቦርሳ አይውጣ። ደሴቷ ላይ የጤና ጣቢያ አለ፤ ከበድ ያለ ሕመም ወደ ሌሎች ደሴቶች ወይም ወደ አቴንስ ይላካል፣ ቅርቡ ሆስፒታል ሌሮስ ላይ ነው። የድንገተኛ ጥሪ 112፣ አምቡላንስ 166።